ሰፊውን ግቢ ለቆ ትንሽ ቤት ለመግባት፦ ዓመት ቀድሞ የሚጀመር ዝግጅት

እናቴ ኮተቤ ያለውን ግቢዋን ለቃ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በድሮው ቤት 38 ዓመት ኖራለች። አምስት ልጅ ያሳደገችውም፣ አባታችንን የሸኘችውም እዚያ ነው። ሐሳቡን ያነሣችው ራሷ ናት። አንድ የክረምት ጠዋት ከዋናው ቤት ወደ ማዕድ ቤት ስትሄድ ዝናብ ያረጠበው ሲሚንቶ አንሸራተታት። አልተሰበረችም። ማታ ግን ቡና እየጠጣን፣ "ይህ ግቢ ከአቅሜ በላይ እየሆነ ነው። ሳልወድቅ ብወጣ ይሻላል" አለችን።

አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ሥራ የሚጀምረው ከወደቁ በኋላ ነው። ስብራት ወይ ሕመም ይመጣል፤ እናት ሐኪም ቤት ተኝታ ልጆች ዕቃዋን ይበትናሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ቤታቸው የፈረሰባቸው ብዙ አዲስ አበቤዎች የዕድሜ ልክ ኑሯቸውን በጥቂት ቀን ሲጭኑ አይተናል። እነሱ ምርጫ አልነበራቸውም። ምርጫ ያላችሁ ግን ጊዜውን ተጠቀሙበት። እኛ መስከረም ጀምረን ግንቦት ላይ ጨረስን። እናንተ አንድ ዓመት ብትይዙለት አትቸኩሉም።

1. መጀመሪያ ወሬው ይጀመር፤ ውሳኔው ግን የማን እንደሆነ ይታወቅ

ቤቱ የወላጅ ነው። ልጆች የጉልበትና የገንዘብ ረዳት ናቸው። ይህ ካልተባለ በኋላ ጠብ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቀን ስለ ዋጋ አታውሩ። ስለሚጣል ዕቃም አታንሡ። እኔ እናቴን የጠየቅኋት አንድ ነገር ነው፦ "እማዬ፣ አዲሱ ቤት ጠዋት ስትነሺ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?" ብዙ አላሰበችም። የማርያምን ሥዕል፣ የአባታችንን ፎቶ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮትና ጤና አዳሟን አለች። ከዚያ በኋላ ለስምንት ወር ያደረግነው ሁሉ ከዚያ መልስ ተነሥቶ ነው።

ውጭ ያሉ ወንድምና እህቶች በመጀመሪያው ሳምንት ይስሙ። እኛ በቴሌግራም የቤተሰብ ግሩፕ ከፈትን። አንድ ደንብ አወጣን፦ ዕቃ የሚፈልግ ሰው እስከ ጥር መጨረሻ ይናገር፤ የሚወስድበትንም መንገድ አብሮ ይናገር። "አስቀምጡልኝ" ብቻ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው መጋዘን አይገባም።

ወላጅ ካልፈለጉ አትግፉ። የሚሰሙት ሰው ይኖራል። የንስሐ አባት፣ ታላቅ ወንድም ወይም ቀድማ ኮንዶሚኒየም የገባች ጓደኛ ሊሆን ይችላል። የእናቴን ልብ ያረጋጋችው የሦስተኛዋ ዓይነት ናት። ቤቷ ጠርታ ቡና አፈላችላት፤ አለቀ።

2. ወረቀቱን ከሁሉ ቀድማችሁ አጥሩ

ይህ አሰልቺ ነው። ግን ረጅሙን ጊዜ የሚበላው እሱ ስለሆነ ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት ጀምሩት። የእኛ ፋይል ከአንድ ቢሮ ጠፍቶ ሁለት ወር ሙሉ ስንመላለስ ከርመናል። ቀድመን ባንጀምር ኖሮ ገዢው ይሄድብን ነበር።

ካርታውን አውጡና በማን ስም እንደሆነ እዩ። በብዙ ቤት ካርታው ዛሬም በሟች አባት ስም ነው። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይሠራል። ብዙ እናቶች ቤቱ በሙሉ የራሳቸው ይመስላቸዋል። ብዙ ልጆችም እናት ባሏን በቀጥታ የምትወርስ ይመስላቸዋል። በሕጋችን ግን በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት የሁለቱ የጋራ ነው። አንደኛው ሲሞት ግማሹ በሕይወት ያለው ሰው ድርሻ ነው። የሟች ግማሽ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ የልጆች ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስትን ያለ ኑዛዜ ወራሽ አላደረጋቸውም።

ስለዚህ አባት ከሞቱ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የወራሽነት ማስረጃ ታወጣላችሁ። ከዚያ ስም ይዛወራል። ሁለቱም በሕይወት ካሉ ደግሞ የጋራ ቤት ሲሸጥ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ካርታው ላይ የአንዱ ስም ብቻ ቢኖርም ያው ነው።

ውጭ ያለ ወራሽ በአቅራቢያው ባለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ይሰጣል። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ (በተለምዶ ውልና ማስረጃ የምንለው) ይመዘገባል። ቃሉን አስተውሉ። "ንብረቴን እንዲያስተዳድር" የሚል ውክልና ቤት አያሸጥም። "እንዲሸጥ" የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ኤምባሲ ሁለት ጊዜ ሄዳለች።

የምትሸጡ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ የድሮ ቦታ) ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው በሊዝ እንዲይዘው ይላል። ገዢ ዋጋ ሲሰጣችሁ ይህን አስቦ ነው። ከመዋዋላችሁ በፊት ክፍለ ከተማችሁ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የወቅቱን ስሌት ጠይቁ። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። በደላላና በሁለት ምስክር ፊት በተፈረመ ወረቀት ላይ አትደገፉ።

የግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ በአንድ ፋይል ይግቡ። የጡረታ ደብተር፣ የጋብቻ ወረቀትና የባንክ ደብተር በሌላ ፋይል። ይህ ሁለተኛው ፋይል በመጫኛው ቀን መኪና ላይ አይወጣም። በሰው እጅ ይሂድ።

3. አዲሱን ቤት በእናታችሁ እግር እዩት

እኛ የመጀመሪያውን ቤት የመረጥነው በዋጋ ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው። የ20/80 ሕንጻዎች ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም። እናቴ አንድ ጊዜ ወጥታ ወረደችና፣ "እዚህ ከገባሁ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ማለት ነው" አለች። ተውነው። መሬት ላይ ወይም አንደኛ ፎቅ ፈልጉ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ይገባዋል።

የምታዩዋቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታንከር አለ? ይህን ለሻጩ ሳይሆን ለጎረቤት ጠይቁ። መብራቱስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል። ይህ በ220 ቮልት ከ13 አምፔር በላይ ነው። ለምጣድ ብቻ የተዘረጋ መስመር ከሌለ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ቆጣሪው ይዘጋል። ኤሌክትሪሺያን ቀድሞ ይይላችሁ። ኮሚናሉንም ሄዳችሁ እዩ። በግ የሚታረደው፣ ብዙ እንጀራ የሚጋገረው እዚያ ስለሆነ ክፍት ነው ወይስ ለሌላ ተከራይቷል?

የምትገዙት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለባለዕጣው ከተላለፈ አምስት ዓመት መሙላቱን አረጋግጡ። ከዚያ በፊት መሸጥ ተከልክሏል። የባንክ ዕዳና እግድ እንደሌለበትም በወረቀት ይምጣ።

ከቻላችሁ ደግሞ ሳትሸጡ ሞክሩ። እኛ የምትገባበትን ቤት ሦስት ወር ተከራየንላት። የድሮው ግቢ ባዶ አልነበረም፤ ወንድሜ ነበረበት። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ቤቱ እንደሚስማማት አወቅን። መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት እንደሚያስፈልግም ያወቅነው ያኔ ነው። የሦስት ወር ኪራይ ብዙ ገንዘብ ነው። የማይመለስ ውሳኔ ግን ከዚያ ይበልጣል።

4. ከዕቃው በፊት ወጉን አዛውሩ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ትያዙልኝ ብባል ይህን እላለሁ።

የእናቴን ጓዳ ስንከፍት 72 ሳህን አገኘን። ሦስት ጎላ፣ ሁለት ጋን፣ አራት መሶብ፣ አንድ በርሜል ሙሉ ብርጭቆ። እኔ "ይህ ሁሉ ለአንድ ሴት ምን ያደርጋል?" ብዬ ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱን በስም ታውቀዋለች። ሳህኑ ለአባታችን ተዝካር የተገዛ ነው። ጎላው የማኅበር ነው። ጋኑ ለእህቴ ሰርግ ጠላ የተጠመቀበት ነው። የእኛ አገር ግቢ በዕቃ የሚሞላው በሰው ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ድስት ጀርባ አንድ ኃላፊነት አለ። ኃላፊነቱ መድረሻ ሳያገኝ ድስቱን ውሰዱ ብትሏት "ክብርሽን ተዪ" ያላችኋት ያህል ነው። በዒድ ቤታቸው ለሚሞላ እናቶችም ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። በዓመት ውስጥ በዚህ ቤት ምን ምን ይደረጋል? የእኛ ዝርዝር እንዲህ ነበር፦ ፋሲካ፣ ገና፣ የማርያም ጽዋ፣ የአባታችን መታሰቢያ፣ የበርበሬ ዝግጅት፣ እሑድ የልጅ ልጆች ምሳ። ከእያንዳንዱ ጎን "ከእንግዲህ የት?" ብለን ጻፍን።

ፋሲካ ወደ ታላቅ ወንድሜ ቤት ሄደ። ትልቁ መሶብና ሁለቱ ጎላዎች አብረው ሄዱ። በርበሬው ማስጫ ግቢ ስለሚፈልግ ወደ አክስቴ ዞረ፤ ሙቀጫና ዘነዘናውም ተከተለ። ጽዋው ከባድ ነበር። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ወር ይደርሳቸዋል። እናቴ ማኅበሩን የምትተው መስሏት ነበር። ስትነግራቸው ግን ሁለት ሌሎችም "እኛም ቤታችን ጠቧል" አሉ። ተነጋግረው የሁሉንም ድግስ ቀነሱት። አሁን ዳቦ፣ ጠላና አንድ ወጥ ነው። የእናቴ ተራ ሲደርስ አሥራ ሁለቱም ሳሎኗ ውስጥ ይቀመጣሉ። እሑድ ምሳው ብቻ እሷ ጋ ቀረ። ለእሱ 16 ሳህን ይበቃል።

የቀረው ሳህንና ጎላ ለእድሩ ተሰጠ። እድሮች ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ስለሚይዙ ዕቃው እዚያው ሥራውን ይቀጥላል። ሰጥታ ስትመለስ ፊቷ ቀሎት ነበር።

ስለ እድር ካነሣሁ፦ የድሮውን እድር አትልቀቁ። ወርኃዊ መዋጮውን ልጅ ሊከፍል ይችላል፤ በቴሌብር ለጸሐፊው የሚልኩም አሉ። ግን ደንቡን ጠይቁ። አንዳንዱ እድር ለቅሶ ያልደረሰን ይቀጣል፤ ለአረጋውያን የሚያደርገው አስተያየት ካለ በቃለ ጉባኤ ይያዝላችሁ። አዲሱ ሰፈር ያለውንም እድር በገባችሁበት ወር ተመዝገቡ። ቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ የሰበካ ጉባኤ አባልነቱ የት እንደሚቀጥል እናት ራሷ ትወስን። የቀብር ቦታ ጉዳይ አለበት፤ ልጆች የምንሸሸው ወሬ ነው፤ እናቴ ግን በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው።

5. ዕቃ መለየት

አሁን ቀላል ይሆናል። ከሩቁ ወደ ቅርቡ ኑ። ሰርቪስ ቤት፣ ቆጥ፣ መጋዘን፣ ከዚያ ሳሎን፣ መጨረሻ ላይ መኝታ ቤት። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አትሥሩ። አረጋዊ ሰው እያንዳንዱን ዕቃ ሲያነሣ ታሪክ ያነሣል፤ ታሪኩን ስሙ። ስልካችሁን አብርታችሁ ድምፁን ቅረጹት።

ለቤት ዕቃው አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። የአዲሱን ቤት ክፍሎች በሜትር ለኩ። ከዚያ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ በኖራ ሥሩት፤ በሩንም መስኮቱንም። አልጋውን፣ ሶፋውን፣ ቡፌውን አውጥታችሁ ኖራው ውስጥ አስቀምጡ። እናታችሁ በመሐል ትራመድ። እኛ ትልቁ የዋንዛ ቁም ሳጥን አይገባም ብለን አንድ ወር ተከራክረናል። ኖራው ላይ ስናስቀምጠው ራሷ ሳቀችና "ለልጁ ስጡት" አለች። አንድ ነገር ግን ረስተናል። ቡፌው ክፍሉ ይበቃው ነበር፤ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ግን አልዞረም። የደረጃውንና የበሩንም ስፋት ለኩ።

የሚለቀቀው ዕቃ መንገዱ ብዙ ነው። ደህና ልብስ፣ ብርድ ልብስና አልጋ እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃዎች ይቀበላሉ፤ ደውላችሁ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ብረት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለቆራሌው። አሮጌ ልብስ በልዋጭ ይሄዳል፤ ከልዋጯ የምትቀበሉት ሳፋ ደግሞ ተመልሶ ቤት እንዳይሞላ። የተበላሸ ራዲዮና የልብስ ስፌት መኪና ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ይገዙታል። የሟች አባት ልብስ የተለየ ነው። እናቴ ካፖርቱን ለዘበኛው፣ ሁለት ሱፍ ለንስሐ አባቷ ሰጠች። ጋቢውን ግን አስቀረችው። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።

የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት መስቀል ወይም አሮጌ ሥዕል ካገኛችሁ ለማንም ነጋዴ አታሳዩ። ውጭ ያለ ልጅም ሻንጣ ውስጥ ከትቶ እንዳይሄድ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ቦሌ ላይ ይያዛል። የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። የቆዩ ጋዜጦችና መጻሕፍት ካሉም ከቆራሌው በፊት ወመዘክርን፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ አስቡ።

ፎቶውን ለመጨረሻ ተዉት። ከፎቶ የጀመረ ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም። ከእናታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ በእርሳስ ከጀርባው ስምና ዓመት ጻፉ። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል። እኛ ቤት ከ300 በላይ ፎቶ ነበር፤ ወደ 40 የሚሆኑትን ከእናቴ በቀር የሚያውቃቸው ሰው የለም።

6. በግቢው ያሉ ሰዎች

ብዙ ቤተሰብ ይህን ይረሳዋል። ግቢው ውስጥ ለዓመታት የኖረች ሠራተኛ አለች። ዘበኛ አለ። ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሰው አለ። ከጎረቤት ከመስማታቸው በፊት ከእናንተ ይስሙ። ቢያንስ ስድስት ወር ስጧቸው።

የእኛዋ ልጅ 14 ዓመት አብራን ኖራለች። አዲሱ ቤት የእሷ ክፍል የለውም። እናቴ በግልጽ ጠየቀቻት። እሷ የራሷን ቤት ተከራይታ በቀን ልትመጣ ፈለገች። የመጀመሪያዎቹን የስድስት ወር ኪራይ እኛ ከፈልን። አንድ አልጋ፣ ምድጃና ሁለት ድስት ከግቢው ወሰደች። ይህ ወጪ ከመጀመሪያው ቀን በጀት ውስጥ ይግባ።

ውሻውንም አስቡት። ጤና አዳሙን ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ቆርጣችሁ በጣሳ ትከሉት፤ እስክትገቡ ሥር ይሰዳል። በሶብላው ዘሩ ይበቃል።

7. መጫንና መግባት

ክረምት አትጫኑ። አይሱዙው ክፍት ነው፤ ፍራሽ አንዴ ከራሰ አለቀለት። ከበዓል ዋዜማም ራቁ። እናቴ የመጨረሻውን ፋሲካ በድሮው ቤት ማክበር ፈለገች፤ ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ጫንን። ከተሸካሚዎቹ ጋር ዋጋውን ፎቁን ጨምራችሁ ተዋዋሉ።

ከወረዳው መሸኛ ማውጣት አትርሱ፤ ያለሱ በአዲሱ ወረዳ መታወቂያ አይገኝም። የጤና መድን ካላችሁ በዚያው ጠይቁ።

በመጫኛው ቀን እናታችሁ ዕቃ ስትጠብቅ አትዋል። ጠዋት እህቴ ቤት ወሰድናት። እኛ መጀመሪያ መኝታ ቤቱን ብቻ አዘጋጀን። አልጋው እንደ ድሮው ራስጌው ወደ ምሥራቅ፣ ሥዕሉ ከፊት ለፊት፣ መድኃኒቷ በግራ በኩል፣ መብራት ማጥፊያው እጇ በሚደርስበት። ሌሊት ስትነሣ ሳታስብ የምትይዘው ነገር ቦታው እንዳይቀየር። ከዚያ ጀበናውን፣ ረከቦቱንና ሲኒውን አወጣን። የቀረው ካርቶን ሳምንት ሙሉ ቆይቷል።

አመሻሽ ላይ ስትመጣ ቡናው ተቆልቶ ነበር። የፊት ለፊቷንና የላይኛውን ፎቅ ጎረቤቶች ጠራን። ለድሮ ጎረቤቶቿም አዲሱን ስልክና የሕንጻውን ቁጥር በወረቀት ጽፈን ለእያንዳንዳቸው ሰጥተን ነበር። በሦስተኛው እሑድ አራቱ በአንድ ታክሲ መጡ። አንዷ የያዘችው ከድሮው ግቢ አጥር ሥር የነቀለችውን ጌሾ ነው። በረንዳው ላይ በቀለም ባልዲ ተተክሎ እስካሁን አለ።